ስለ ረግረግና ስለ ጭቃማ መሬት ጥቅም፤ ከአጅባር ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ

በመካነ ሰላምና በአጅባር ዙሪያ ባለው የምዕራብ ወሎ ደጋ ክረምት በገባ ጊዜ በየመስኩ ዝቅታና በየሸለቆው ራስ ውሃ ይተኛል፤ በላዩ የሚያልፍ ከብትም እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ይህን መሬት ብዙ ሰው ከማይረባ ይቈጥረዋል። ባለ ይዞታው ቦይ ቀዶ ሊያደርቀውና ሊያርሰው፣ ወይም ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ያስባል። መሬቱ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ መስሎ ስለሚታይም ለወረዳው ሹም የማድረቅ ፈቃድ ሲጠየቅ ለመከልከል ምክንያት ይጠፋል።

ነገር ግን ረግረግ ሥራ ፈት አይደለም። የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቈያል፤ ከተራራው የሚወርደውን አፈር ይይዛል፤ ሌላው መስክ በደረቀ ጊዜ ለከብት ለምለም ሣር ይሰጣል። ይህን ሥራውን ሳይመረምሩ ያፈረሱት እንደ ሆነ ጥቅሙ የሚታወቀው ምንጩ ከነጠፈና ማሳው በቦረቦር ከተቈረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜም መመለሱ ከማፍረሱ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ጭቃ ከምን እንደሚሠራ፣ በታላላቅ ባሕሮች ዳርቻ ምን እንደሚጠቅም፣ ከወሎ ደጋ የሚሄደው አፈር የት እንደሚደርስ፣ በመጨረሻም ረግረጉን ለመጠበቅ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባው በየተራው ይገለጣል።

ጭቃ ከምን ይሠራል

የወሎ ደጋ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ከመሬት ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተደራረበ ነው። ይህ ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ፣ በብርድና በሙቀት እየተፈረፈረ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ወደ አፈርነት ይለወጣል። ከአፈሩም ውስጥ እጅግ የላመው ክፍል አንዱ ቅንጣት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ሁለት እጁን እንኳ አያህልም። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ይህ ልም ክፍል የበዛበት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል።

እንዲህ ያለው ልም አፈር በሜዳማ ቦታ ሲከማችና ውሃ ሲተኛበት አየር እንደ ልብ አይገባበትም። አየር በሌለበት የሞተ ሣርና ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየተነባበረ አፈሩን ጥቁርና ለስላሳ ያደርገዋል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረትም መልኩን ይለውጣል። አየር የሚያገኘው መሬት ቀይ ወይም ቡናማ ሲሆን፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚተኛበት ግን ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ይሆናል። የረግረግ ሣር ባዶ ቧንቧ በሚመስለው ግንዱ አየር ወደ ሥሩ ስለሚያወርድ በሥሩ ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ክር ይታያል።

ይህ ምልክት ለሹም ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ መሬት ጥንተ ረግረግ ነውን፣ ወይስ በክረምት ብቻ ውሃ የሚያቁር ማሳ ነው የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ በበጋ አንድ ክንድ ያህል ጕድጓድ ማስቈፈር ነው። አመድማ አፈርና ዝገት የመሰለ ክር ከላይኛው ስንዝር ጀምሮ ከታየ መሬቱ ለረዥም ዘመን ረግረግ ሆኖ የኖረ ለመሆኑ ምስክር ነው። የሰው ምስክር ቢለያይ የአፈሩ መልክ አይለያይም።

በባሕር ዳርቻ ያለ ጭቃ

የጭቃን ሥራ ሊቃውንት አብዝተው የመረመሩት በባሕር ዳርቻ ነው። ታላላቅ ወንዞች ከየአገሩ ጠርገው የሚያመጡት ልም አፈር ከጨው ውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ሲያያዙም ይከብዱና ወደ ታች ይረጋሉ። ማዕበል በማይበረታበት ስፍራ ይህ እየተከማቸ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። የባሕር ውሃም በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ሲሞላ ሜዳው ባሕር ነው፤ ሲጐድል ደግሞ እስከ ሩቅ የሚታይ ባዶ ጭቃ ነው።

ባዶ መስሎ የሚታየው ይህ ጭቃ ግን ከለመለመ መስክ ይልቅ ሕይወት የበዛበት ነው። በላዩ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዕፀዋት እንደ ስስ ቅባት ተዘርግተው ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ከነርሱ በታች ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ሲል አየር ያልቃል፤ ጭቃውም ጥቁር ይሆናል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በዚያም ትሎች፣ ዛጎል ለባሾችና ሸርጣኖች ጕድጓድ ምሰው ይኖራሉ። በጕድጓዳቸው አየርና ውሃ ወደ ታች ስለሚገባ መሬት እንደምትገላብጥ ማረሻ ሆነው ጭቃውን ያድሱታል።

ባሕሩ በጐደለ ጊዜ ወፎች ይወርዳሉ። ከነርሱም አጭር መንቈር ያለው ከላይ ይለቅማል፤ መካከለኛው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይፈልጋል፤ መንቈሩ እንደ ማጭድ የረዘመው ደግሞ በጥልቅ የተቀበረውን ትል ያወጣል። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገድ በአንድ ገበታ ሳይጣላ ይመገባል። ከነዚህ ወፎች ብዙዎቹ በሰሜን አገር ተፈልፍለው ለክረምቱ ብርድ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ዘማቾች ናቸው። በመንገዳቸው ላይ የሚያርፉበት ጭቃ ቢጠፋ ስብ ሳያከማቹ ስለሚሄዱ በመንገድ ይቀራሉ፤ ስለዚህ የአንድ አገር ጭቃ መጥፋት የሌላው አገር ወፍ መጥፋት ነው።

በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ የሚገኘው የዋደን ባሕር የዚህ ታላቅ ምሳሌ ነው። ሆላንዶች በቀድሞ ዘመን ባሕሩን በግድብ እየከለሉ ብዙ የጭቃ ሜዳ ወደ እርሻነት ለውጠዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ዳርቻው ማዕበልን እንደሚያበርድ፣ የዓሣ ግልገልም እንደሚያሳድግ ሦስቱ መንግሥታት ስለ ተረዱ በአንድነት ተስማምተው ይጠብቁታል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የሆላንድና የጀርመን ክፍል በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የዴንማርክም በ2014 ዓ.ም. ተጨመረ። በዓመት ውስጥም ከ10 ሚሊዮን የማያንሱ ዘማች ወፎች ያርፉበታል።

የወሎ አፈር በግብጽ ባሕር ዳር

ይህ ሁሉ ለወሎ ደጋ ሰው ሩቅ ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። ከሳይንትና ከቦረና ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይገባሉ። ዓባይም ክረምት በሞላ ጊዜ ቀይና ቡናማ ሆኖ የሚወርደው የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለ ሆነ ነው። በዓመት ከኢትዮጵያ ይዞት የሚሄደው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደ ሆነ ተመዝኗል። በናይል ከሚወርደው ደለል ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ከዓባይና ከተከዜ የሚመጣ ሲሆን፣ ከነጭ ናይል የሚመጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ የነጭ ናይል ደለል በመንገድ ባሉ ሐይቆችና በደቡብ ሱዳን ታላቅ ረግረግ ውስጥ ይቀራልና። ይህም ራሱ ረግረግ አፈርን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳይ ታላቅ ማስረጃ ነው።

ባሕሩ ከፍ ማለቱን ካዘገመ ወዲህ ባሉት 7,000 ያህል ዓመታት ውስጥ ይህ ደለል በናይል አፍ እየተከማቸ ደልታ የሚባለውን የግብጽን ለም ምድር ሠራ። በዳርቻውም ማንዛላ፣ ቡሩሉስና ኢድኩ የሚባሉት ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ከጭቃ ዳርቻቸው ጋር ተፈጠሩ። በሜዲትራኒያን የባሕር ሙላትና ጕድለት አነስተኛ ስለ ሆነ በዚያ ጭቃው የሚገለጠው ነፋስ ውሃውን ሲገፋና የሐይቁ ልክ ሲወርድ ነው። ሊቃውንት የዚያን አፈር ቅንጣት ሲመረምሩ ከኢትዮጵያ ጥቁር ድንጋይ የተገኘ መሆኑን ያውቃሉ። እንግዲህ የወሎ ገበሬ ካጣው አፈር ከፊሉ በእስክንድርያ አቅራቢያ ለዘማች ወፍ ማረፊያ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ግብጽ በአስዋን ታላቁን ግድብ መሥራት ጀምራ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ውሃው መከተር ከጀመረ ወዲህ፣ ሥራውም በ1970 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ቀረ። ያን ጊዜ ባሕሩ ዳርቻውን መብላት ጀመረ። ራሺድ በሚባለው የናይል አፍ ምድሩ በአንዳንድ ዓመት ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ስላፈገፈገ በድንጋይ ቅጥር መከላከል ግድ ሆነ። ዓሣውም ተጐዳ። በጎርፍ ጊዜ የሚወርደው ውሃና ደለል የባሕሩን ደቂቅ ፍጥረት ይመግብ ነበርና፣ በ1962 ዓ.ም. 18,000 ቶን ግድም ይያዝ የነበረው ሳርዲን ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ጭቃ ከሚሄድበት ሲከለከል የታችኛው ዳርቻ እንደሚጐዳ ነው። ሁለተኛው ለወሎ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ ይኸውም ለታችኛው አገር በረከት የሆነው አፈር ለላይኛው ኪሳራ መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ኪሳራው ሁለት ሆኗል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ነው። ከደጋው የሚወርደው ደለል ከእንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በዚህ በራስ አገር ሐይቅ ውስጥ ነው። በሱዳን በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተሠራው የሮሴሬስ ግድብ በ40 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ይዞታው ከሲሶ በላይ በደለል እንደ ተሞላበት ማስታወስ ይገባል። የሕዳሴው ግድብ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ቶሎ አይሞላም፤ ነገር ግን ዕድሜው በደጋው ገበሬና በደጋው ሹም እጅ ነው።

የጣና ዳርቻ

በአማራ አገር ለባሕር ዳርቻ ጭቃ የሚቀርበው የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው። የጣና ውሃ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ቦታ 14 ሜትር ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ልክ ጥቂት ዝቅ ሲል በፎገራና በደንቢያ በኩል ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። በዚያም ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ይዘራል፤ ከሰሜን አገር የመጡ ብዙ ሺህ ዘማች ወፎችም ይከርማሉ። የታንኳ መሥሪያ የሆነው ደንገልም በዳርቻው ይበቅላል።

ነገር ግን ርብና ጉማራ ከላይ አገር የሚያመጡት አፈር ከልክ እያለፈ ሄደ፤ ደንገሉም በእርሻና በግጦሽ እየተመነጠረ ጠበበ። ደንገል ደለሉንና ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ አስቀርቶ የሚያጠራ ወንፊት ነበር። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የተባለው አረም እንዲህ ባለው የበለጸገ ጭቃና ውሃ እየተመገበ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በሕይወታዊ ክልልነት መመዝገቡ ክብር ነው፤ ዳርቻው የሚድነው ግን በላይኛው አገር አፈር ሲያዝ ብቻ ነው።

የደጋው ረግረግ የሚሠራው ሥራ

ወደ ምዕራብ ወሎ ሲመለሱ፣ የደጋው ረግረግ ከባሕር ዳርቻው ጭቃ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ይታያል። ሥራውም አራት ነው።

አንደኛው ውሃ ማቈየት ነው። ይህን በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። 10 ሄክታር ረግረግ ቢኖር፣ ላይኛው ግማሽ ሜትር አፈሩም በውሃ ጠግቦ ከአሥር እጅ አንዱን ቀስ እያለ ቢለቅ፣ የሚለቀው ውሃ 5,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ፣ ፀሐይ የሚወስደው ሳይቈጠር፣ ለ500 ቤተሰብ 100 ቀን ይበቃል። ያ ውሃ በቦይ ቢለቀቅ ግን በክረምት ጥቂት ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። እርግጥ ረግረግ ሁሉ ምንጭ አይመግብም፤ ዝናብ ብቻ ተጠራቅሞበት በፀሐይ የሚደርቅ አለ። በሸለቆ ራስ ያለውና ከበታቹ ምንጭ የሚፈልቅበት ግን የውሃ ጐተራ ነው።

ሁለተኛው አፈር መያዝ ነው። ከዳገት የሚሮጥ ጎርፍ ወደ ሜዳማው ሣር በገባ ጊዜ ኀይሉን ያጣል፤ ኀይሉን ሲያጣም የተሸከመውን ያስቀምጣል። ሣሩ በደለሉ መካከል እንደ ገና ስለሚያድግ የተቀመጠው አፈር ተመልሶ አይነሣም። ከረግረጉ በላይ ያለውን ጎርፍና ከበታቹ የሚወጣውን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ማነጻጸር ለማንም ሰው ይህን ያስረዳዋል።

ሦስተኛው ግጦሽና ድርቆሽ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የበልግ ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ፣ በደጋው ላይ ለምለም ሣር የሚገኘው በረግረግ ዳር ነው። ሆኖም ረግረግ ለከብት አደጋም አለበት። የጉበት ትል የሚባለው በሽታ እንቁላል ከታመመ በግ ወይም ላም እበት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ በረግረግ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም በሣር ላይ ተጣብቆ በከብት ይበላል። አልቅትም በዚያው ይገኛል። ስለዚህ በርጥቡ ወራት ከብት ከረግረግ መከልከሉ መሬቱንም ከብቱንም ያድናል፤ ሣሩን አጭዶ በደንብ አድርቆ መስጠትም ይሻላል።

አራተኛው ለዱር ፍጥረት ማደሪያ መሆኑ ነው። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ ከነደጋው በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ በኋላም ሰፍቶ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ተባለ። ከፍታው እስከ 3,700 ሜትር ግድም ይደርሳል። በታች ጥድ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ፣ በመጨረሻም ጓሳና ጅብራ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚህ አሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ ካደጉት ከ500 የማይበልጡ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ደጋ ለዘሩ መትረፍ ዋጋ አለው። ምግቡም የደጋ አይጥ ነው፤ አይጡም የሚራባው ያልተመነጠረ ሣርና ለስላሳ አፈር ባለበት ነው። ክንፉ ሰማያዊ የሆነው የኢትዮጵያ ዝይም ከዚህ አገር ውጪ በየትም አይገኝም፤ ኑሮው በደጋው ወንዝና ረግረግ ዳር ነው። ጋጋኖም በየመስኩ ርጥበት ትል ሲለቅም ይታያል። ስለዚህ በፓርኩ ውስጥ ያለው ረግረግ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው በገበሬ ይዞታ ያለውም ለእነዚህ ፍጥረታት ጠቃሚ ነው።

ረግረግ ሲጠፋ የሚሆነው

ረግረግን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ አንድ ጠባብ ቦይ ነው። ቦዩ ሲቀደድ ተኝቶ የነበረው ውሃ በአንድ መስመር ይሮጣል፤ የሮጠ ውሃ ደግሞ መሬት ይቈርሳል። ቦዩ ከታች ወደ ላይ እየተናደ ይሄድና በጥቂት ክረምት ውስጥ ሰው የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ በጠለቀ መጠን በዙሪያው ያለው የመሬት ውስጥ ውሃ ወደ እርሱ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ የላይኛው ምንጭ ይነጥፋል፤ የደረቀው ጥቁር አፈር ይሰነጠቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ያማረ አዝመራ የሰጠው ማሳም ቈይቶ ይደክማል። ባሕር ዛፍ የተተከለበት እንደ ሆነ ደግሞ ሥሩ ወደ ውሃው ስለሚደርስና በበጋም ቅጠሉ ስለማይረግፍ መድረቁን ያፋጥነዋል።

ስለ አፈር መታጠብ በወሎ ራሱ የተመረመረ አለ። በደቡብ ወሎ ማይባር በሚባለው ቦታ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናቡንና የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቈይቷል። በዚያና በሌሎች እንደርሱ ባሉ ጣቢያዎች የታየው ነገር፣ አፈር በክረምቱ ሁሉ እኩል እንደማይሄድ ነው። አብዛኛው የሚሄደው ማሳው ታርሶ ገና ቡቃያ ባልሸፈነው ጊዜ በሚወርድ ጥቂት ኀይለኛ ዝናብ ነው። የምርምሩ መሪ የነበረው ስዊሳዊው ሊቅ ሀንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህ በማሳው ሁሉ ላይ ቢበተን ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ነው። ለአንድ ዓመት ኢምንት ይመስላል፤ በ30 ዓመት ግን ግማሽ ስንዝር ይሆናል። አባት ያረሰውን አፈር ልጅ አያገኘውም ማለት ነው።

የመንዝ ጓሳ ምሳሌ

የደጋን ሣርና ረግረግ በሥርዓት መጠበቅ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በመንዝ የጓሳ መሬት ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለ መብቶቹ ሁለት አለቆች መርጠው መሬቱን በአንድነት ይዘጉታል፤ እስከ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም አያጭድበትም፤ ከብትም አያስገባበትም። ሣሩ ደርሶ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ሁሉም በበጋ በተወሰነለት ቀን ይጠቀማል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን የጥበቃውን ጥቅም ስላልረሳ ከጊዜ በኋላ በአዲስ መልክ በማኅበረ ሰብ ጥበቃ አቋቁሞታል። ጓሳ ዛሬም የብዙ ወንዞች ራስ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም አለ። ለቦረናና ለሳይንት የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ነው።

ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባ

1. በየወረዳው ያለውን ረግረግ ሁሉ በበጋ ወራት ቈጥሮ በመዝገብ መጻፍ፤ ይኸውም ስፋቱን፣ ከበታቹ ምንጭ መኖር አለመኖሩን፣ ስንት ቤተሰብም እንደሚቀዳበት መለየት ነው። ያልተመዘገበ መሬት ያለ ጠባቂ ይቀራል።

2. የማድረቅ ፈቃድ ከመስጠት አስቀድሞ ከላይ እንደ ተገለጠው ጕድጓድ አስቈፍሮ መመልከት። ጥንተ ረግረግ ከሆነና ከበታቹ ምንጭ ካለ መከልከል ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በረግረግ ያለው ብዝኀ ሕይወት እንዲጠበቅ፣ ተዳፋቱም ከመቶ 60 በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ እንደ ነበር ሹሙ ሊያስታውስ ይገባዋል።

3. በክረምት ውሃ የሚያቁር የታረሰ ዋልካ ግን ከረግረግ ጋር አንድ አይደለም። ገበሬው ውሃውን በትልም አጠንፍፎ መዝራቱ የተገባ ነው። በእነዋሪ አካባቢ በእጅ የሚሠራው ከፍ ያለ መደብ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ብቻ የተጠነፈፈው ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ባዶ ዳገት ሳይሆን ሣር በተሸፈነ ሰፊ መውረጃ እንዲሄድ ማድረግ ይገባል።

4. ከረግረጉ በላይ ያለውን ዳገት በእርከንና በሣር ማሰር። ላይኛው ካልተያዘ ረግረጉ ደለል ብቻ ተሸክሞ ይሞላል፤ ሥራውንም መሥራት አይችልም። ይህ ሥራ የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ ሳይወርድ መፈጸም አለበት።

5. ባሕር ዛፍን ከምንጭና ከረግረግ አርቆ ለእርሻ በማይሆን መሬት ማስተከል። በረግረጉ ዳር ግን የአገር ዛፍና ሣር መተው።

6. የተጀመረ ቦረቦር ቢኖር ገና ጥልቀቱ አንድ ክንድ ሳለ በድንጋይና በእንጨት ክትር መዝጋት። ክትሩ ከታች ወደ ላይ በየእርከኑ መሆን አለበት፤ አንዱ የሌላውን እግር እንዲጠብቅ። ሁለት ሰው ከፍታ ከደረሰ በኋላ ግን ሥራው ከገበሬው ዐቅም በላይ ይሆናል።

7. በርጥቡ ወራት ግጦሽን መዝጋት፤ ሲከፈትም በተወሰነ ቀንና በእኩልነት መክፈት። የሚከለከለውን ሰው የሚያሳምነው ክልከላው ሳይሆን በመከፈቻው ቀን ድርሻውን ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ጠባቂዎቹን የአገሩ ሰው ራሱ ይምረጥ፤ ሹሙ ፍርዳቸውን ያጽና። ይህ ሳይደረግ ረግረጉን ለጥቂት ሰዎች በድልድል መስጠት ግን የብዙዎችን ውሃ ለጥቂቶች እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

ከዚህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። መዝገብ፣ አካፋና የበጋ ጥቂት ቀን ለአብዛኛው ይበቃል። ረግረጉ ከተጠበቀ የክረምቱ ውሃ በሚያዝያ በምንጭ ይገኛል፤ አፈሩም በአጅባርና በመካነ ሰላም ማሳ ይቀራል። ካልተጠበቀ ግን አፈሩ ወደ ዓባይ ወርዶ ግድብ ይሞላል፤ ውሃውን የሚጠብቀው ሰውም እንስራውን ይዞ ከደረቀ ምንጭ ይመለሳል።